አራት መቶ አሥራ ሁለተኛው ማስታወሻ

ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ላየው ሰው ይህን ያህል ይከሳል?

እማማ ይህን ጥያቄ ሳህን ሲያጥቡ ይጠይቁታል፤ መርፌ ውስጥ ክር ሲያስገቡ ይጠይቁታል፤ ደረጃ ሲወጡ ቆም ብለው ጉልበታቸውን እያሹ ይጠይቁታል። መልስ የለውም። ያለው የልጅ ልጃቸው የሚጡ የአንገት አጥንት ነው፤ ከሸሚዟ በላይ ብቅ ብሎ የልብስ መስቀያ መስሏል።

ሚጡ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የመዝገብ ስሟ ሌላ ነው፤ ግን ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደጓት እማማ «ሚጡ» ስለሚሏት በዚያ ቤት ሌላ ስም የላትም። ሥራዋ ኮምፒውተር ላይ ነው። የቀኝ እጇ አንጓ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ዓይኗ ቀልቶ ከስክሪኑ ጋር እንደተፋጠጠች ትውላለች፤ ምሳዋ አጠገቧ ይቀዘቅዛል።

«ብዪ እንጂ እናቴ። እኔ ልሙትልሽ፣ ሁለት ማንኪያ ብቻ።»

«በልቻለሁ እኮ እማማ።»

«መቼ? ሳህኑ እንደ ትልቅ እንግዳ ሳይነካ ተከብሮ ተቀምጧል!»

«በዓይኔ በላሁት።»

«በዓይኑ በልቶ የወፈረ አላየሁም» አሉ እማማ፣ ሳህኑን እያነሱ። ሰባት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ነው። ነገሩ ሁሉ የመጣው ደግሞ ከዚያ ከመስኮቱ ሰውዬ ነው።

የመስኮቱ ሰውዬ ያሉት እማማ ናቸው። ሚጡ ሥራዋን ያስረዳቻቸው ጊዜ በራሳቸው ሙያ ነበር ያስረዳቻቸው፤ እማማ ሠላሳ አንድ ዓመት በልብስ ፋብሪካ የካፖርት ገበር ሲሰፉ የኖሩ ሴት ናቸውና።

«ይኸውልሽ እማማ፣ 'ሲ' በሚባል በድሮ ቋንቋ የተጻፈ አንድ ላይብረሪ አለ። መጽሐፍ አይደለም የያዘው፤ ስክሪን ላይ የምታዪአቸውን መስኮቶች፣ የሚጫኑትን ቁልፎች፣ የሚጻፍባቸውን ሳጥኖች የሚሠሩ ትእዛዞች ናቸው። ጠንካራ ነው፣ ሠላሳ ዓመት አልተበገረም። ግን ሻካራ ነው። በዛሬ ቋንቋ የሚሠራ ሰው ሲለብሰው ቆዳውን ይልጠዋል። ትንሿን ነገር ለማዘዝ ክንድ የሚያክል ስም መጻፍ አለበት። ነገር ሲበላሽም አይናገርም፤ አንድ ቁጥር ይወረውርለትና አንተው ድረስበት ይለዋል። እኔ የምሠራው፣ ሁለቱን ቋንቋ የሚያገናኘው ማያያዣ፣ ገበሩ ነው። ውጪው ያው ወፍራሙ ጨርቅ፤ ሰውነት የሚነካው ግን ለስላሳ።»

«ገበር ከሆነማ ገባኝ» አሉ እማማ። «ጥሩ ገበር ማለት የለበሰው ሰው መኖሩን የሚረሳው ነው።»

ሚጡ ይህን አባባል ወድዳ ለመስኮቱ ሰውዬ ጻፈችለት። እሱ የላይብረሪው ጠባቂ ነው፤ ከመምህሩ ተረክቦ ብቻውን የሚያድሰው፣ በባቡር ግማሽ ቀን በሚርቅ ሌላ ከተማ የሚኖር። የተያዩት ከሁለት ዓመት በፊት የሙያው ሰዎች በተሰበሰቡበት አዳራሽ ነበር። ሚጡ መድረክ ላይ ወጥታ ያ ላይብረሪ ሰው እንዴት እንደሚያስመርር ስትዘረዝር፣ ከኋላ ግድግዳ ተደግፎ የቆመ አንድ ሰው ዓይኑን ሳይነቅልባት ይስቃል። ሁሉም ሰው ማስታወሻ ይጽፋል፣ እሱ ይስቃል። ስትወርድ ጠበቃትና «የሰደብሽው ሁሉ እውነት ነው። ጠባቂው እኔ ነኝ» አላት። ሚጡ ይህን ለእማማ ስታወራ የሻይ ብርጭቆውን ባዶ አየር ላይ ልታስቀምጠው ምንም አልቀራትም። እማማ ብርጭቆውን ቀልበው «አበቃልኝ» አሉ በሆዳቸው።

ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ ነው። ስልክ አይደዋወሉም፤ ሁለቱም ዓይን አፋር ናቸው፣ ከድምፅ ይልቅ ጽሑፍ ይቀላቸዋል። የሚጽፉት ስለ ሥራ ነው፤ ግን እማማ ስለ ሥራ የተጻፈ ነገር አንብቦ ለብቻው ፈገግ የሚል ሰው ከሚጡ በስተቀር አላዩም። እንዲያ እንዲያ ሲሉ ሚጡ አንድ ከባድ ነገር ለመነችው።

ላይብረሪው አንድ ነገር ሲያቀብልሽ ለዘለቄታው ሰጥቶሽ ይሁን አውሶሽ አይናገርም። የሰጠሽን ሠርተሽበት ካልጣልሽ ቤቱ በዕቃ ይታፈናል፤ ያዋሰሽን ከጣልሽ ደግሞ ባለቤቱ ሲፈልገው መስኮቱ ሁሉ ተያይዞ ይወድቃል። «ሰው በእጁ የያዘው የራሱ ይሁን የሰው ማወቅ አለበት» ብላ ጻፈችለት። «በየትእዛዙ ራስጌ ማስታወሻ አድርግልኝ። ስጦታ ወይም ውሰት በል። ሌላ ማንም ባያነበው እኔ አነበዋለሁ።»

ዓመት ሙሉ እምቢ አለ። አራት መቶ አሥራ ሁለት ትእዛዝ ነዋ! ከዚያ አንድ ቀን ተቀመጠና ሁሉንም ጻፈው። ጽፎ ላከው፤ ከዚያም ዝም አለ።

«ሰለቸሁት» ትላለች ሚጡ። «ያን ሁሉ አስለፋሁት። 'ማስታወሻዎቹ በጣም ጠቅመውኛል' ብዬ ሁለት ጊዜ ጻፍኩለት። 'ደርሶኛል' አለኝ። ደርሶኛል! ለቤት አከራይ እንኳን ከዚህ የተሻለ ይጻፋል።»

እማማ ደስ ሊላቸው ይገባ ነበር። ሌላ ከተማ ያለ ሰው፣ ዘሩ የማይታወቅ፣ በወረቀት የሚወደድ ሰው በራሱ ጊዜ ከቀረ እሰየው ነው። ግን ደስ አላላቸውም፤ ያ የአንገት አጥንት አለ።

ሰኞ ከምሳ በኋላ ሚጡ ሠላሳ ስምንት ገጽ በፕሪንተር አውጥታ እማማ ፊት ዘረገፈችው።

«ዓይንሽን አውሺኝ እማማ።»

«ምን ተረፈኝ ብለሽ? ጉልበቴን የወሰደው ዓይኔንም ጀምሮታል።»

«በእኔ ማያያዣ የሚሠራ አንድ ሰው መስኮቱ እየወደቀበት ነው፤ ዓርብ አዲሱ የላይብረሪው እትም ሳይወጣ ማስተካከል አለብኝ። የሆነ ቦታ ውሰቱን ስጦታ ብዬዋለሁ ማለት ነው። ማስታወሻዎቹን የሚያነብልኝ 'ለቃሚ' የምለው ትንሽ ፕሮግራም አለኝ፤ ከእያንዳንዱ ያችን አንድ ቃል ለቅሞ ሌላውን እንደ ገለባ ይጥለዋል። አንድ ቦታ ሳይስት አልቀረም። አንቺ ከወረቀቱ ቃሏን ታነቢያለሽ፣ እኔ ለቃሚው ከያዘው ጋር አመሳክራለሁ።»

እማማ ትምህርት ያቆሙት ስድስተኛ ክፍል ነው። የትእዛዞቹ ስም በባዕድ ፊደል ስለሆነ አያነቡትም፤ ማስታወሻው ግን በገዛ ፊደላቸው ነው። መነጽራቸውን በቀሚሳቸው ጫፍ ወልውለው ጀመሩ።

«ውሰት።»

«አለ።»

«ውሰት።»

«አለ።»

«ስጦታ።»

«አለ። ቀጥዪ።»

ፋብሪካው ውስጥ በወር መጨረሻ ካፖርት የሚቆጥሩበትን ቀን አስታወሳቸው። ሁለት መቶ ላይ ውኃ ጠጡ። ሦስት መቶ ዘጠኝ ላይ ሚጡ «ቁሚ!» አለች፤ ጥፋቱ እዚያ ነበር። አስተካከለችው። ድሮ ስሕተት ስታገኝ ታጨበጭብ ነበር፤ አሁን «ቀጥዪ» ብቻ አለች። መጨረሻው ገጽ ላይ ሲደርሱ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፍታለች።

«የቀረችው አንድ ናት፤ መስኮት መዝጊያዋ። እሷን በቃሌ አውቃታለሁ» አለች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ። «ስጦታ ናት አይደል?»

እማማ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አስጠጉት። «ስጦታ» ይላል፣ እውነት ነው። ግን እንደ ሌሎቹ አንድ መሥመር አልነበረም፤ ገጹን ሞልቶ ይወርዳል። ወደ ታች አነበቡ። ከንፈራቸው ብቻ እየተንቀሳቀሰ፣ በቀስታ አነበቡ። ልባቸው እንደ ልብስ ስፌት መኪና መታ። «ቅዳሜ» ይላል። «በሩ ክፍት ነው» ይላል።

«እማማ? ስጦታ ነው የሚለው?»

«ስጦታ» አሉ እማማ።

«አለ። አለቀ?»

«አለቀ እናቴ።»

ሚጡ እዚያው እንደተደፋች እንቅልፍ ወሰዳት። እማማ ገጹን አራት አጥፈው የመርፌ ቆርቆሯቸው ውስጥ፣ ከልብስ ቁልፎቹ ሥር ከተቱት። እሳቸውም እንደ ለቃሚው አንዷን ቃል አውጥተው የቀረውን ጣሉት፤ ልዩነቱ ለቃሚው የሚጥለውን አያውቅም፣ እሳቸው ግን ያውቃሉ።

ከዚያ ዕለት ጀምሮ የሚጡን አሮጌ ካፖርት አውርደው አዲስ ገበር ይሰፉለት ጀመር። ማንም አልጠየቃቸውም። እጅ ሥራ ካልያዘ ቆርቆሮ መክፈት ይመጣበታል።

ሐሙስ ሚጡ ፋሻዋን ልታስቀይር ክሊኒክ ስትሄድ ታናሽ እህታቸው መጡ። የኚህ ሴትዮ አፍ ወንፊት ነው፤ ግን እማማ ሌላ የሚነግሩት ሰው አልነበራቸውም። ወረቀቱን ሰጧቸው። እህታቸው አንብበው ሲጨርሱ ነጠላቸውን አወለቁ፤ ለረጅም ጭቅጭቅ ሲዘጋጁ እንዲህ ነው የሚያደርጉት።

«እትዬ፣ ይኼ እኮ ደብዳቤ ነው!»

«አውቃለሁ።»

«የፍቅር!»

«ድምፅሽን ቀንሺ፣ ግድግዳው ስስ ነው።»

«እና አንቺ ቆርቆሮ ውስጥ ምን ይሠራል? ለአንቺ ነው እንዴ የጻፈልሽ? በሰባ አራት ዓመትሽ ቀናሽ በይኛ!»

እማማ አልሳቁም። «የማን ልጅ ነው? ሚስት ይኑረው አይኑረው ማን ያውቃል? በወረቀት ላይ መልካም ያልሆነ ሰው አለ?»

«ነገሩ እሱ አይደለም» አሉ እህታቸው፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ነገሩ ያ ምስማር ነው።»

ሁለቱም በሩ አጠገብ ያለውን ምስማር አዩ። የሚጡ ቁልፍ የሚሰቀልበት ነው። ከሃያ አምስት ዓመት በፊት የእማማ አንድ ልጅ፣ የሚጡ እናት፣ ደብዳቤ ሲልክላት የከረመ ሰው ዘንድ ልትሄድ ሻንጣዋን ያዘች። እማማ በር ላይ ቆመው «አትሄጂም» አሏት፤ ጮሁባት። ልጅቷ ሁለት ሳምንት ብቻ ነው አለች። ቁልፏን ግን ከቦርሳዋ አውጥታ ያ ምስማር ላይ ሰቀለችው። እማማ ቁልፉን አይተው ነገሩን ያን ጊዜ አወቁት፤ የሚመለስ ሰው ቁልፉን ይዞ ይሄዳል። በሁለተኛው ዓመት መርዶዋ መጣ። ያ ቁልፍ ዛሬ የሚጡ ነው፤ ላዩ ላይ የነበረውን ቀይ ክር እማማ እስካሁን አልቀየሩትም።

«ሰው አትሂጂ ስላሉት የሚቀር ቢሆን ልጅሽ ትቀር ነበር» አሉ እህታቸው። ነጠላቸውን መልሰው ለበሱ። «ያቺ ልጅ ስትከሳ ሳይ ሰውዬው ጠፋባት ብዬ ነበር። አንቺ ቤት ውስጥ ቆርቆሮ ውስጥ ነበር ለካ!»

እማማ ካፖርቱን ጉልበታቸው ላይ ሳቡ። መርፌው ጣታቸውን ወጋቸው፤ ቢወጋቸውም ደስ አላቸው።

ዓርብ እንደምንም አለፈ። ቅዳሜ ጧት፣ ሦስት ሰዓት ላይ፣ እማማ የገበሩን የመጨረሻ ክር በጥርሳቸው ሲበጥሱ ሚጡ ከክፍሏ ወጣች። ፀጉሯን አላበጠረችም።

«አዲሱ እትም ትናንት ወጣ» አለች። «እሱም ተሰናበተ፤ ላይብረሪውን ለሌላ ሰው አስረክቧል። የድሮ አድራሻው ተዘግቷል። ለሁላችንም አንድ ደብዳቤ ልኮ... 'አብራችሁኝ ለሠራችሁ ሁሉ አመሰግናለሁ' ይላል። ለሁላችሁ፣ እማማ። ከሁለት መቶ ሰው አንዷ ነኝ።»

አላለቀሰችም። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና የተጠቀለለ እጇን በሌላው እጇ እንደ ሕፃን ልጅ አቀፈችው። «ደከመኝ» አለች። «ሁሉ ነገር ደከመኝ።»

ይህን ቃል በዚህ ድምፅ እማማ ያውቁታል። እሳቸውም ብለውታል፣ መርዶው የመጣ ዕለት። ያን ዕለት አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ጉልበታቸው ላይ ራሷን ጥላ አብራቸው ዝም ብላ ነበር። እማማ ቆርቆሮውን ሳቡ።

«ሚጡ፣ ሰኞ ያላነበብኩልሽ ነገር አለ።»

«ምን?»

«መጨረሻዋን። አንድ ቃል ብቻ ነው ያነበብኩልሽ። አሁን ልቀጥልልሽ ነው። እስክጨርስ አታቋርጪኝ፣ ካቆምኩ ድፍረቱ አይመለስልኝም።»

መነጽራቸውን አደረጉ። ወረቀቱ የመርፌ ዘይት ሸትቷል። እንደ ስድስተኛ ክፍል ተማሪ፣ በጣታቸው መሥመሩን እየተከተሉ ጮክ ብለው አነበቡ።

«ስጦታ። ይህን የምታነቢው አንቺ ብቻ ስለሆንሽ እዚህ ጻፍኩት። አራት መቶ አሥራ አንዱን የጻፍኩት ላይብረሪው ስላስፈለገው አይደለም፤ ሠላሳ ዓመት ያለ ማስታወሻ ኖሯል። ሰው የያዘው የራሱ መሆን አለመሆኑን ማወቅ አለበት ስላልሽኝ ነው። እኔም ማወቅ ስለፈለግኩ ነው። የሚቀጥለው እትም የሚወጣበት ዓርብ የመጨረሻ ቀኔ ነው። ደክሞኛል። ለሰው መስኮት ስሠራ ኖሬ የራሴን አልከፈትኩም። በማግሥቱ ቅዳሜ እስከ ማታ ቤቴ ነኝ፤ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ከሰዓት ጠጋኙ ሱቅ በላይ። በሩ ክፍት ነው። ባትመጪ አልቀየምም፤ ዝምታሽን እንደ መልስ እቀበላለሁ፣ ዳግም አላስቸግርሽም። አያትሽ ጥሩ ገበር ማለት የለበሰው የሚረሳው ነው ብለዋል አይደል? እኔ ግን ካየሁሽ ቀን ጀምሮ አንድም ቀን አልረሳሁሽም።»

እማማ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ውጭ አንድ መኪና ሞተሩን ለማስነሣት ሲሞክር፣ ሲሞክር፣ ሲያቅተው ተሰማ።

«ዝምታሽን እንደ መልስ» አለች ሚጡ፣ በሹክሹክታ። ከዚያ ድንገት እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ዝም እንኳን አላልኩም እማማ! መልሼለታለሁ!»

«ምን ብለሽ?»

«ለቃሚው ሲጨርስ በራሱ ደረሰኝ ይልክለታል። የደረሰኙን ቃል የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ እኔ ራሴ! 'አራት መቶ አሥራ ሁለት ማስታወሻ ተነብቧል። የሚስተካከል አልተገኘም። እናመሰግናለን' ይላል።» ልትስቅ ፈልጋ ነበር፤ ሳቁ ግን መሃል ላይ ተሰብሮ ሌላ ነገር ሆነ። «ልቡን ጻፈልኝ፣ እናመሰግናለን አልኩት። ከዚያ ደግሞ 'በጣም ጠቅመውኛል'! ሰባት ሳምንት እኔ ተቀየመኝ እላለሁ፣ እሱ ደግሞ... እኔ አነበዋለሁ ብዬው ነበር እኮ እማማ። ሌላ ማንም ባያነበው እኔ አነበዋለሁ ብዬው።»

አለቀሰች። ሰባት ሳምንት የተጠራቀመውን አለቀሰችው። እማማ ሊያቅፏት እጃቸውን ዘረጉ፣ ከዚያ መልሰው ሰበሰቡት፤ መብቱ ያላቸው አልመሰላቸውም።

ቆይታ ቀና አለች። «ሰኞ ነው ያገኘሽው።»

«ሰኞ።»

«ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ።» እየቆጠረች አልነበረም፤ እያንዳንዱን ቀን እያነሣች የምታየው ትመስል ነበር። «ትናንት እንኳን ብታነቢልኝ አድራሻው ክፍት ነበር። አንዲት መሥመር እጽፍለት ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ስከሳ እያየሽኝ።»

«እያየሁሽ።» እማማ ጣታቸውን ካፖርቱ ላይ አመላለሱ። «ፈራሁ እናቴ። ሌላ ምን እልሻለሁ? አሮጊት ስትፈራ ሌባ ትሆናለች። ያን ምስማር ባየሁ ቁጥር... ሁለተኛ አልችለውም ብዬ ነው። ለአንቺ አስቤ ነው እንዳልልሽ፣ ለራሴም ነበር። ተቆጪኝ። ስደቢኝ። ዝም አትበዪኝ እንጂ።»

ሚጡ ዝም አለች።

ተነሥታ ፊቷን ታጠበች፤ የውኃው ድምፅ ለእማማ ዓመት የፈጀ መሰላቸው። ተመልሳ ወረቀቱን ከጉልበታቸው ላይ አነሣች፤ በማጠፊያው አጥፋ ሸሚዟ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። የአምስት ሰዓቱ ባቡር ሃምሳ ደቂቃ ይቀረዋል፤ እማማ ከሰኞ ጀምሮ በቃላቸው ይዘውታል። ካፖርቱን አንሥታ ለበሰችው። እጇ በእጅጌው ውስጥ ሲያልፍ አፍታ ቆም አለች፤ አዲሱ ገበር ነው፣ ቀዝቃዛውና ለስላሳው። እማማን አላየቻቸውም። ወይም አይታቸው ይሆናል፤ የእማማ ዓይን እንባ ስለሞላበት አላዩም።

በሩ ተከፈተ፤ ተዘጋ።

እማማ ከወንበራቸው ሳይነሡ የደረጃውን ኮቴ ሰሙ። አንድ፣ ሁለት... በመጀመሪያው የደረጃ ማረፊያ ላይ ኮቴው ቆመ። ከዚያ እየፈጠነ ወረደ፣ እየራቀም ሄደ። ጠፋ።

ወደ በሩ ዞረው ለማየት ረጅም ጊዜ ፈጀባቸው። አንገታቸው እምቢ አላቸው፤ እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ ቀስ ብለው ነው ያዞሩት።

ምስማሩ ባዶ ነበር። ቁልፉ የለም፤ ቀይ ክሩም አብሮ ሄዷል።